እትዬ አሰገደች ያረሙት ፕሮቲን

እኔ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ካልተናገርኩ የተናገርኩ አይመስለኝም። ሃያ ዓመት ኮልፌ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር የተጣባኝ አመል ነው። መጀመሪያ ለሚያዳምጡት፣ ቀጥሎ ለሚያወሩት፣ በመጨረሻ በመስኮት ታክሲ ለሚቆጥሩት። አመሉ ትምህርት ቤት ቢቀር ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገባ። ወጥ ጨው ሲያንሰው «ጨው፣ እስቲ ጨው፣ ጨው አምጪ» ስል ባለቤቴ ሦስቴ ጠየቅከኝ ብላ ሦስቴ ትነሰንስብኛለች።

ይህን ቀድሜ የምናዘዘው ነገሬ ስለ ድግግሞሽ ስለሆነ ነው። ሰው በብዙ ነገር ይደነግጣል። ሳያስበው ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል፣ ሐኪም ወረቀቱን አይቶ ዝም ሲል ይደነግጣል፣ አከራይ በር ሲያንኳኳ ይደነግጣል። እኔ በፕሮቲን እደነግጣለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ፕሮቲን እኛ ቤት ምስር ነው፤ ሲመቸን ደግሞ እንቁላል።

የገባሁበት እንዲህ ነው። አርባን ካለፍኩ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ካልያዝኩ ብዬ ተነሳሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ይበቃዋል የተባለው ትምህርት ቅዳሜና እሁድ እየተመላለስኩ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። አብረውኝ የጀመሩት ተመርቀው፣ አግብተው፣ ወልደዋል፤ የአንዷማ ልጅ መዋለ ሕፃናት ገብቷል። አማካሪዬ ራሱ ከእኔ በአሥራ ሦስት ዓመት ያንሳል። ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚያዋርደኝ እንኳ «ጋሼ» እያለ ነው። «ጋሼ፣ ይህቺን ምዕራፍ ይጣሏት» ይለኛል፣ ተነስቶ ወንበር ከሳበልኝ በኋላ። ከሁሉም በላይ የሚያማርረው ጽሑፌ ራሱን ይደግማል እያለ ነበር።

የሰጠኝ ርዕስ በፕሮቲን ሰንሰለት ውስጥ የሚደጋገሙ ቁራጮችን በሒሳብ ማግኘት የሚል ነው። አትፍሩ፣ ቀላል ነው። ፕሮቲን ለሒሳብ ሰው በሃያ ዓይነት የፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ረጅም መስመር ነው። ክፍተት የለውም፣ ነጥብ የለውም፣ ቢያነቡት ትርጉም አይሰጥም። አንዳንዱ ውስጥ ግን አንድ ቁራጭ ይመጣል፤ ደግሞ ይመጣል፤ አሁንም ደግሞ ይመጣል። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ፊደል ተለውጦበት ይመጣል። ይህን ስሰማ ተፈጥሮም አስተማሪ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ወደድኳት።

የሚገኘው ደግሞ እንዲህ ነው። ሰንሰለቱን በሁለት ረጃጅም ወረቀቶች ላይ ጻፉትና አንዱን ከሌላው ሥር አድርጉት። የታችኛውን አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ግፉና ስንት ፊደል ከላይኛው ጋር እንደገጠመ ቁጠሩ። አሁንም አንድ ግፉ፣ ቁጠሩ። ግፉ፣ ቁጠሩ። የሚገጥመው ጥቂት ስለሆነ ያሰለቻል፤ ኮምፒውተር የተፈጠረው ለዚህ ነው። ሠላሳ አራተኛው ግፊያ ላይ ስትደርሱ ግን ቁጥሩ ድንገት ዘሎ ይወጣል። ያን ጊዜ በየሠላሳ አራት ፊደሉ ራሱን የሚደግም ነገር አለ ማለት ነው። እኔ እንሰት ከሚያደርቅ ባክቴሪያ በተወሰደ አንድ ፕሮቲን ውስጥ አንዱን ቁራጭ አሥራ ሁለት ቦታ አገኘሁት። ያገኘሁ ቀን ከወንበሬ ዘልዬ ስጮህ ባለቤቴ ሎተሪ የወጣልን መስሏት እልል ልትል አፏን ከፍታ መጣች። የእንሰት ባክቴሪያ መሆኑን ስነግራት አፏን መልሳ ዘጋችው።

ጽሑፉ አልቆ ለመጠረዝ ሲደርስ ላፕቶፔ ሞተ። የስድስት ዓመት ልፋቴ በአንዲት ፍላሽ ላይ ቀረ። ኅዳጉ ይስተካከል፣ የገጽ ቁጥር ይግባበት፣ በአራት ቅጂ ይጠረዝ ተባልኩ። ኮልፌ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ፍላሼን ይዤ እትዬ አሰገደች ጋ ሄድኩ።

እትዬ አሰገደች ሱቃቸው አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ዞረው ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ በጫማ ሰፊና በሞባይል ጠጋኝ መካከል ነው። ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት ውስጥ በጽሕፈት መኪና ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። በዚያ ዘመን አንድ መስመር ተደግሞ ከተመታ ገጹ ከነአራት የካርቦን ቅጂው ተቀዶ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ነገር ሲያዩ የጥርስ ሕመም እንዳለበት ሰው ፊታቸው ይኮማተራል። እንግሊዝኛ አልናገርም ይላሉ፤ የተደገመ ነገር ግን በየትኛውም ቋንቋ ይይዛሉ። ባረሙት ገጽ ሁሉ ግርጌ ላይ እንደ ድሮ ጸሐፊዎች ልማድ የስማቸውን መነሻ በትንንሹ ያስቀምጣሉ፤ አሰገደች ወልዴ ለማለት፣ አ.ወ.።

ሰፈሩ ይህን አመላቸውን ያውቃል። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ከአሥራ ስምንት ገጽ ወደ ሰባት ያወረዱት እሳቸው ናቸው፤ ሊቀ መንበሩ የጠፋውን ነገር ሁለት ስብሰባ ሙሉ ፈልጎ አላገኘም። አንድ ጎረምሳ ለሚወዳት ልጅ ዘጠኝ ቦታ «እወድሻለሁ» ያለበትን ደብዳቤ ሲሰጣቸው አንዷን ብቻ ትተው መለሱለት። ልጅቷ ደብዳቤው አጠረ ብላ ሳምንት አኮረፈችው። እኔንም ባለፈው ዓመት አግኝተውኝ ነበር። የሚኮራረጁትን ለመያዝ ብዬ በፈተናዬ ሰባተኛውንና አሥራ ስድስተኛውን ጥያቄ ሆን ብዬ አንድ ዓይነት አድርጌያቸው ነበር። ተማሪዎቼ የደረሳቸው ፈተና ግን ከሃያ የሚታረም አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ስለ ድግግሞሽ የተጻፈ መጽሐፌን፣ ድግግሞሽ ለማይወዱት ሴት በገዛ እጄ ወስጄ ሰጠሁ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም።

በአራተኛው ቀን ስሄድ አራቱ ቅጂዎች ጥቁር ሽፋን ለብሰው፣ ስሜ በወርቃማ ቀለም ተጽፎባቸው ጠበቁኝ። ስሜን በወርቃማ ቀለም አይቼው አላውቅም። ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። እትዬ አሰገደች የእርማት ደብተራቸውን ገልጠው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ድሮ አንድ አለቃ መስመር ዘለልሽ ብሎ ስለከሰሳቸው፣ ከዚያ ወዲህ የሚነኩትን እያንዳንዱን ፊደል በደብተር ይመዘግባሉ፤ ባለ ጉዳዩም አይቶ ይፈርማል። «መምህር፣ እርማቱን እየው፤ ከዚያ ፈርም» አሉኝ። ዓይኔን ከወርቁ ሳልነቅል ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር።

ቅጂዎቹን ወስጄ ለዩኒቨርሲቲው አስረከብኩ። ከሁለት ቀን በኋላ አማካሪዬ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ ጽፈው አያውቁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት» አለኝ። መቶ ሃያ ገጽ የነበረው ሰባ ገጽ መሆኑን እሱ እንደ ብስለቴ ቆጥሮልኛል። አባሪዎቹን ግን አላያቸውም፤ አባሪ ማን ያያል። እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ ቀና ብዬ ሄድኩ፤ ሰውየው ስለማን እንደሚያወራ እንኳ አልጠረጠርኩም።

ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የምከላከልበት ቀን ባለቤቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከትምህርት ቤታችንም መምህራን መጥተዋል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙት ፈታኝ የሸበቱ፣ ዝምተኛ ዶክተር ናቸው። ከቦርሳቸው ማስመሪያና ቀይ እርሳስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ነገር ዓለሙ ደስ አላለኝም። ሁሉም ሰው ኮምፒውተር ይዞ በመጣበት ቀን ማስመሪያ የሚያወጣ ሰው ያስፈራል። ስላይዶቼን አሳይቼ፣ አሥራ ሁለቱንም ቁራጮች በቀለም አስጊጬ፣ እያንዳንዱን ነገር ሦስት ሦስት ጊዜ ተናግሬ ጨረስኩ። ፈታኙ አንድም ጊዜ ራሳቸውን አልነቀነቁም።

«አባሪ ሦስትን ግለጥ» አሉኝ። ሙሉ ሰንሰለቱ የተጻፈበት ገጽ ነው። «እስቲ የመጀመሪያውን ቁራጭ አሳየኝ።»

መጽሐፌን ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጥኩት። የመጀመሪያው ስድስተኛው መስመር ላይ አለ፤ ጣቴን አደረግኩበት። ሁለተኛውን አሉኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጀርባ ተከትሎ ነው የሚመጣው። የለም። መነጽሬን ጠርጌ አየሁ። የለም። ሦስተኛውም የለም። መስመሮቹን ስቆጥር አሥራ አምስት የነበሩት ዘጠኝ እንኳ አልሞሉም። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው አየሁት፣ የቀረው እዚያ አልፎ እንደሆነ ብዬ።

«እኔም ሁለት ቀን ፈልጌ አጣሁት» አሉ ፈታኙ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ነገር ሁለቴ የለም። አንተ ግን አሥራ ሁለት ቦታ አገኘሁ ብለህ ሥዕል ታሳየኛለህ። ያገኘኸው ነው ወይስ የፈጠርከው?»

ክው አልኩ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። እንግዲህ አስቡት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆችን «አትኮርጁ፣ ያላገኛችሁትን መልስ አገኘን አትበሉ» እያልኩ ኖሬ፣ በሥራ ባልደረቦቼና በሚስቴ ፊት አጭበርባሪ ልባል ነው። ዲግሪው ቢቀር ይቅር። ስድስት ዓመቱም ይቅር። ነገ ክፍል ገብቼ ጠመኔ የምይዝበት እጅ ግን ከየት አመጣለሁ? ዞር ብዬ ባለቤቴን አየኋት። ቀሚሷን ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች። አማካሪዬ «ጋሼ» አለና ወንበር ሳበልኝ።

ፈታኙ የቀይ እርሳሳቸውን ጫፍ ገጹ ግርጌ ላይ አሳረፉ። «ደግሞ ይቺ በየገጹ ያለችው ምንድን ናት? አ.ወ. ትላለች።»

አየኋት። ከዚያ ሁሉ የፈረንጅ ፊደል ሥር ሁለት የእኛ ፊደላት ቁጭ ብለዋል። ያን ጊዜ የደነገጥኩትን ድንጋጤ በምን ልንገራችሁ? ፈተናው ትዝ አለኝ፣ የእድሩ ደንብ ትዝ አለኝ፣ ያ ጎረምሳ ትዝ አለኝ። ፊርማዬም ትዝ አለኝ።

«ጸሐፊዋ ናቸው» አልኩ። «አሰገደች ወልዴ። ድግግሞሽ አይወዱም።»

ነገሩን ላስረዳ ሞከርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ለራሴም ውሸት እየመሰለኝ ሄደ። ዋናው ጽሑፍ በፍላሽ አለ፣ ሄጄ ላምጣ አልኩ። ፈታኙ አይሆንም አሉ። ፍላሽ ውስጥ ያለውን ነገር መንገድ ላይ ልለውጠው እንደምችል፣ እሳቸው የሚያዩት ፊርማዬ ያረፈበትን መጽሐፍ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። «አረሙ ያልካቸውን ሴትዮ እራሳቸውን ይዘህ ና። ስምንት ሰዓት ላይ እዚሁ ነን። ካልመጡ ሪፖርቴን ጽፌ እሄዳለሁ።»

ስወጣ ሮጥኩ። ፌርማታው ላይ ወያላው «ኮልፌ ኮልፌ ኮልፌ፣ አስራ ስምንት አስራ ስምንት» ይላል። ሰው ሁሉ በነፃነት እየደገመ ሲኖር እኔ ብቻ ተያዝኩ ብዬ ተናደድኩ። ታክሲው መርካቶ ላይ ቆመ፤ ከፊታችን መኪና፣ ከጎናችን መኪና፣ ከመኪናው መሀል ፍራሽ የተሸከመ ሰው። ሹፌሩን «ቶሎ በልልኝ ወንድሜ፣ ቶሎ በል፣ ቶሎ» አልኩት። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰው ታሞብህ ነው ወይ አሉኝ። ፕሮቲን ጠፍቶብኝ ነው አልኳቸው። እግዜር ይማርህ ብለው ትንሽ ሸሸት አሉ።

እትዬ አሰገደች የአንድ ማኅበር ቃለ ጉባኤ እየጻፉ ነበር። በር ላይ ቆሜ «ጨረሱኝ፣ እትዬ አሰገደች፣ ጨረሱኝ፣ አለቀልኝ፣ ጨረሱኝ» አልኩ። ዓይናቸውን ከወረቀቱ አላነሱም። «አንዴ ይበቃል፤ ሰምቼሃለሁ» አሉ።

አባሪ ሦስትን ምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። ያን ጊዜ ቀና አሉና በሐዘኔታ አዩኝ። «መምህር፣ ላሳፍርህ ስላልፈለግኩ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። «አንድ ነገር አሥር ጊዜ አልፎ ተገልብጧል። ያውም እየተሳሳተ። የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ትልቅ ቦታ ሲቆም ለእኔም ያሳፍረኛል። ማንም ሳያይ አጸዳሁልህ።»

«እትዬ፣ ሥራዬ እሱ ነበር» አልኩ። «ስድስት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ያንን ድግግሞሽ ነው።»

እጃቸው ከቁልፎቹ ላይ ተነሳ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ድንጋጤ እስከዚያን ቀን በእሳቸው ላይ አይቼ አላውቅም፤ ለራሴ የመጣሁበትን ረስቼ ለእሳቸው አዘንኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት፣ ስምንት ዓመት እዚህ፣ የሰው ወረቀት አበላሽቼ አላውቅም አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። «ታዲያ ለምን ፈረምክ?» አሉኝ ቀጥለው። ወርቁን አይቼ ነው አይባል።

ነጠላቸውን አነሱ፣ ደብተሩን ከነፍላሼ በብብታቸው ያዙ፣ የሱቁን መዝጊያ ወደ ታች ሳቡት። በሥራ ቀን፣ በእኩለ ቀን። ጫማ ሰፊው መዶሻውን አቁሞ ማን ሞተ አለ። ማንም አልሞተም፣ ገና ነው አልኩት።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረስን። እትዬ አሰገደች ፈታኙ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ፈታኙ በአክብሮት እጅ ነስተው፣ ይህን ገጽ እርስዎ ነዎት ያረሙት ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ አሉ። ይህ ሰው ከትናንት ወዲህ አግኝቶዎታል ወይ አሉ። ዛሬ በታክሲ ይዞኝ መጣ እንጂ አላገኘኝም፣ እሱም መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ነው ሲደጋግም የነበረው አሉ። ምን ምን እንደነኩ ያስታውሳሉ ወይ ሲባሉ ደብተሩን ገለጡ። ቀኑ ተጽፏል፣ ሥሩም ላይ የእኔ ፊርማ አለ፤ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር።

«መስመር ስድስት፣ ከአርባ አራተኛው ፊደል ጀምሮ፣ ሠላሳ አራት ፊደል» ብለው አነበቡ። «ከፊቱ ያለው ራሱ ነው። ተነስቷል።»

አማካሪዬ ስላይዱን ከፈተ። ሁለተኛው ቁራጭ እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ርዝመቱም ሠላሳ አራት። ፈታኙ በቀይ እርሳሳቸው ምልክት አደረጉ።

«መስመር ሰባት፣ ከአሥራ ስምንተኛው ፊደል ጀምሮ፣ ሠላሳ አራት ፊደል። ያው ነው፤ ግን ሦስት ፊደል ተስቷል። ተነስቷል።»

«ተስቷል ሲሉ?» አሉ ፈታኙ።

«የመጀመሪያው ትክክል ነው» አሉ እትዬ አሰገደች። «ከዚያ በኋላ ያሉት ከእሱ ሲገለበጡ እየተሳሳቱ የሄዱ ናቸው። ገልባጩ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ደክሞታል። እኔ የደከመ እጅ አውቃለሁ።»

ፈታኙ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። የእነዚህ ቁራጮች ታሪክ በትክክል ይኸው እንደሆነ፣ አንዱ ተገልብጦ ሌላው እንደሚገኝ፣ በየግልባጩም ስህተት እየገባ እንደሚለያዩ ለቤቱ ሁሉ ተናገሩ። እኔ ይህን በአርባ ገጽ ጽፌዋለሁ። እሳቸው ከደብተር አነበቡት።

ንባቡ ቀጠለ። አማካሪዬ በስላይዱ ላይ እያሳየ፣ ፈታኙ እያመለከቱ፣ ሁሉም ገጠመ። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። አሥራ ሁለት ነበሩ፣ የመጀመሪያውን ትተውታል፣ ስለዚህ የተነሱት አሥራ አንድ መሆን አለባቸው። አሥራ አንድ ላይ ደረሱ። ባለቤቴም ቀሚሷን ለቀቀችው። ተነስቼ እንዳመሰግናቸው እግሬን ሳስተካክል እትዬ አሰገደች ገጹን ገለበጡት።

«መስመር አሥራ ሦስት» አሉ። «ከአርባኛው ፊደል ጀምሮ፣ ሠላሳ ፊደል።»

ስላይዱ ላይ ከዚያ ቦታ ምንም የለም። አማካሪዬ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ እሱ አየሁ። እዚያ የተደገመ ነገር የለም አልኩ፤ ስድስት ዓመት ያየሁት ሰንሰለት ነው፣ ኮምፒውተሩም የለም ብሏል። ደግሞስ ሠላሳ እንጂ ሠላሳ አራት አይደለም። አሁን ደግሞ በእሳቸው ስህተት ልወድቅ ነው።

«አለ» አሉ እትዬ አሰገደች ረጋ ብለው። «መሀል ላይ አራት ፊደል ዘሎ ነው። ስትመታ ቆይተህ ዓይንህ ከወረቀቱ ተነቅሎ ሲመለስ ትንሽ ወረድ ብሎ ያርፋል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለህ። ስንት ጊዜ ደርሶብኛል።»

ፈታኙ አሁን ደብተሩን አምነዋልና፣ ፍላሹ እንዲሰካ አድርገው ዋናውን ሰንሰለት ከፈቱ፤ እትዬ አሰገደች ዋናውን ጽሑፍ መቼም አይነኩትም፤ በቅጂው ላይ ነው የሚሠሩት። መስመር አሥራ ሦስትን በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከሥሩ የመጀመሪያውን ቁራጭ ጻፉ። ማስመሪያቸውን መሀል ላይ አድርገው የአራት ፊደል ክፍተት ሰጡት። ከግራ ያለው ገጠመ። ከቀኝ ያለውም ገጠመ። የእኔ ሒሳብ ሰንሰለቱን ሳይቆርጥ ይገፋል፤ መሀል ላይ አራት ፊደል ከጎደለ የቀረው ሁሉ ይዛነፍና አያየውም። ስድስት ዓመት አላየሁትም። እትዬ አሰገደች በአንድ ከሰዓት፣ የማኅበር ጥሪና የልደት ካርድ እየጻፉ በመሀል አይተው፣ አርመው፣ መዝግበው፣ አስፈርመውኛል።

አለፍኩ። ፈታኙ ሦስት ነገር እንዳስተካክል ነገሩኝ። ሰንሰለቱ ወደ ቦታው ይመለስ፣ የሒሳቤ ድክመት በግልጽ ይጻፍ፣ አሥራ ሦስተኛው ይጨመር፤ ማን እንዳገኘውም ይገለጽ አሉ። ባለቤቴ ያቺን ለስድስት ዓመት ያጠራቀመቻትን እልልታ ለቀቀችው፤ ሄዳ ያቀፈችው ግን እኔን ሳይሆን እትዬ አሰገደችን ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የታረመውን ጥራዝ ልወስድ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሄድኩ። ወርቁን ሳላይ መጀመሪያ አባሪ ሦስትን ገለጥኩ። አሥራ ሦስቱም አሉ፤ በጣቴ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ከዚያ ምስጋናው ያለበትን ገጽ ገለጥኩ። እትዬ አሰገደችን በሦስት ቦታ አመስግኜ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ፣ መሀል ላይ፣ መጨረሻ ላይ። ዶክተሩ አሉ፣ አማካሪዬ አለ፣ ባለቤቴ አለች። እሳቸው የሉም። ፈታኙ ፊት እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም።

ደብተሩን ገልጠው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። በዚያ በተስተካከለ እጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፤ «የምስጋና ገጽ፣ መስመር ሁለት፣ ስምንትና አሥራ አራት፤ አሰገደች ወልዴ። ስሟ በየገጹ ግርጌ አለ። ድግግሞሽ ነው። ተነስቷል።»

«ፈርም» አሉኝ።

አልፈርምም አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አንዴ ብቻ ተናገርኩ። ኪሴ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ አውጥቼ፣ በአራቱም ቅጂዎች የምስጋና ገጽ ላይ፣ በቀረው ባዶ ቦታ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ገጹን አዙሬ ሰጠኋቸው።

እትዬ አሰገደች መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ፊታቸው ተኮማተረ። ቀይ እስክሪብቷቸውን አንስተው ሁለተኛው ስም ላይ አደረሱት፣ ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።